ለአዳማው ጠያቂያችን፦ የአፍንጫ ፈጣን ምርመራ፣ የደም ምርመራ ወይስ ፒሲአር?

ትናንት ለዚህ ቡድን ባቀረቡት ጥያቄ፣ የ68 ዓመት እናትዎ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው፣ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከጀመራቸው አራተኛ ቀናቸው እንደሆነ፣ እዚሁ አዳማ በአንድ ክሊኒክ ከአፍንጫቸው ናሙና ተወስዶ የተሠራው የኮቪድ ፈጣን ምርመራ ነጋቲቭ እንደወጣ፣ በሌላ ክሊኒክ ደግሞ ደማቸው ታይቶ «ታይፎይድ ነው» እንደተባሉ፣ ሦስተኛው ሐኪም ግን ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልግ ምርመራ) እንዲያሠሩ እንዳዘዙላቸው ገልጸው፣ «ከሦስቱ የትኛውን ልመን?» ብለዋል። በዚህችው ከተማ በላቦራቶሪ ሙያ ለረጅም ጊዜ የሠራሁ በመሆኔ ስለ ምርመራዎቹ በዝርዝር ለመመለስ እሞክራለሁ፤ ስለ መድኃኒቱ የመጨረሻው ቃል የሐኪሙ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ፦ ሦስቱ ምርመራዎች የተጠየቁት ሦስት የተለያየ ጥያቄ ስለሆነ አንዱን አምኖ ሌላውን መጣል አያስኬድም። የአንድ ውጤት ክብደት የሚታወቀው ናሙናው ሕመሙ በጀመረ በስንተኛው ቀን፣ ከየት፣ እንዴት እንደተወሰደና ምን እንደተፈለገበት ሲጠየቅ ነው።

የደሙን ውጤት ላስቀድም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነውና። ትኩሳት ይዞ ክሊኒክ ለገባ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ሲሆን፣ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከታካሚው ደም የተለየው ሴረም ከባለ ቀለሙ የመመርመሪያ ፈሳሽ (ሪኤጀንት) ጋር ካርድ ላይ ተቀላቅሎ ሲወዛወዝ፣ ድብልቁ ፍርፍር ካለ ፖዘቲቭ ይባላል። ችግሩ ይህ ፀረ እንግዳ አካል ቀደም ሲል ከያዘ ታይፎይድ፣ ከክትባት ወይም ከሌላ ተቀራራቢ ባክቴሪያ የተረፈ ሊሆን መቻሉ ነው፤ ታይፎይድ በተለመደበት አካባቢ ጤነኛ ሰው ላይም ሴረሙ 80 ወይም 160 እጥፍ ተበርዞ ፖዘቲቭ መሆኑ (1፡80 ወይም 1፡160 ተብሎ የሚጻፈው) ብርቅ አይደለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል በራሱ ታይፎይድን አያረጋግጥም፤ ለማረጋገጥ የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ ማየት) ያስፈልጋል። ስለ ሳሉ ደግሞ ዊዳል የሚለው አንዳች ነገር የለም፤ ዋና ሕመሙ ሳል ለሆነ ሰው ዊዳል ማዘዝ በእኔ አስተያየት ከልማድ የመጣ ነገር ነው። በኮቪድ ጊዜ የተለመደው አይጂኤምና አይጂጂ የሚባለው የደም ምርመራም ለአሁኑ ሕመም አይረዳም፤ ፀረ እንግዳ አካላቱ በደም ውስጥ እስኪታዩ ድረስ አንድ ሁለት ሳምንት ስለሚወስድ በአራተኛው ቀን ነጋቲቭ ቢሆን አይገርምም፣ ፖዘቲቭ ቢሆንም ካለፈ ሕመም ወይም ከክትባት የመጣ ሊሆን ይችላል። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ለሐኪሙ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ የቫይረሱን ማንነት አይናገርም።

ወደ አፍንጫው ናሙና እንምጣ። ፈጣኑ የአንቲጅን ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው፤ በኮቪድ ኪቶች ይህ በአብዛኛው ዘረ መሉን ሸፍኖ የሚይዘው ኒውክሊዮካፕሲድ የተባለው ፕሮቲን ነው። ስዋቡ (ናሙና የሚወሰድበት ቀጭን ዘንግ) ባፈር የሚባለው ፈሳሽ ባለበት ቱቦ ውስጥ ታሽቶ ፈሳሹ በካሴቱ (ውጤቱ በሚነበብበት ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ) ላይ ሲንጠባጠብ በወረቀቱ እየተሳበ ይሄድና፣ ፕሮቲኑ ካለ «ቲ» ከሚለው ፊደል አጠገብ መስመር ይወጣል። «ሲ» ከሚለው አጠገብ የሚወጣው መስመር ፈሳሹ በትክክል መሄዱንና ኪቱ መሥራቱን ብቻ ያመለክታል፤ ስዋቡ ከአፍንጫው በቂ ነገር ማንሳት አለማንሳቱን ሊያውቅ አይችልም። አፍንጫ ያልነካ ንጹሕ ስዋብ ቢገባበትም ያማረ «ሲ» አውጥቶ ነጋቲቭ ይላል። አፍንጫቸውን ሲያሹላቸው ምን ያህል እንደገባና ምን ያህል እንደቆየ እናትዎን ቢጠይቋቸው፣ ከወረቀቱ ላይ የማያገኙትን ነገር ይነግሩዎታል።

በዚህ ላይ የከተማችን ሙቀት አለ። አብዛኞቹ ኪቶች ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ እንዲቀመጡ ተጽፎባቸዋል፤ በሚያዝያና በግንቦት ከቀትር በኋላ አዳማ ከዚህ በላይ ስትሞቅ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ መጋዘን ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለ ካርቶን ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የንባቡም ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም፤ እንደ ኪቱ ዓይነት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መነበብ ያለበት ካሴት፣ ሰልፉ በዛ ተብሎ በአምስት ደቂቃ ከተነበበ ደካማው መስመር ሳይወጣ «ነጋቲቭ» ተብሎ ይጻፋል፤ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከቆየ በኋላ ከተነበበ ደግሞ የሌለ መስመር ሊያሳይ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለኮቪድ አንቲጅን ኪቶች ያስቀመጠው ዝቅተኛ መመዘኛ፣ በፒሲአር ሲመዘኑ ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ቢያንስ 80ውን እንዲይዙ፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ ቢያንስ 97ቱን ነጻ እንዲሉ ነው። ይህ ቁጥር በተግባር ምን እንደሚሆን በስሌት እንየው። ወረርሽኙ በበረታበት ጊዜ ሳል ይዘው ከመጡ 1,000 ሰዎች 400ው ኮቪድ ቢኖርባቸው፣ ኪቱ 320ውን ይይዛል፣ 80ው ያመልጡታል፤ ከሌለባቸው 600 ሰዎች ደግሞ 18ቱን በስሕተት ፖዘቲቭ ይላል። ፖዘቲቭ ከተባሉት 338 ሰዎች 320ው በእርግጥ ስላለባቸው ውጤቱ ይታመናል። ያው ኪት በሽታው በረገበበት ጊዜ፣ ከ1,000 ሰዎች 50ው ብቻ ባለባቸው ወቅት ሲሠራ ግን 40ውን ይዞ ከ28 ያላነሱ ሌሎችን በስሕተት ይጨምራል፤ ከአስር ፖዘቲቮች አራቱ ያህል ሐሰት ይሆናሉ። በኪቱ ላይ አንዳች ነገር ሳይለወጥ የውጤቱ ክብደት የሚለወጠው እንዲህ ነው፤ «ይህ ኪት ጥሩ ነው ወይ?» ተብዬ ስጠየቅ መልሼ «መቼ፣ ለማን?» የምለውም ለዚህ ነው። ለኢንፍሉዌንዛ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የሚሠራባቸው ፈጣን ኪቶች ከዚህም ይደክማሉ፤ በጥናቶች ከታመሙት የሚይዙት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 በመቶውን ብቻ ነው። የእናትዎ ካሴት ለኮቪድ ብቻ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ነጋቲቭ መሆኑ ስለ ኢንፍሉዌንዛም ሆነ አርኤስቪ ስለተባለው ሌላ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ የሚነግረን ነገር የለም።

ፒሲአር የቫይረሱን ዘረ መል ራሱን አብዝቶ ያሳያል። በመጀመሪያ አርኤንኤው ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፤ ከዚያም ማሽኑ እያሞቀና እያቀዘቀዘ በየዙሩ እጥፍ ያደርገዋል፣ ዙሩም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 40 ይደርሳል። ምልክቱ በስንተኛው ዙር እንደታየ የሚገልጸው ቁጥር ሲቲ ይባላል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ናሙናው ውስጥ ያለው ቫይረስ ይበዛል። በ20ኛው ዙር የታየ ናሙና በ35ኛው ዙር ከታየው በስሌት ከ30 ሺህ እጥፍ በላይ ዘረ መል ይዟል። አንቲጅን ኪት የመጀመሪያውን በቀላሉ ሲያገኝ ሁለተኛውን አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል፤ አንቲጅን ነጋቲቭ፣ ፒሲአር ፖዘቲቭ ሲመጣ ሰዎች «አንዱ ላቦራቶሪ ዋሸ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ ልዩነት ውጭ ሌላ ምክንያት የለውም። የፒሲአር ብርታት መዘዝም አለው፦ ሰውየው ድኖ ሥራ ከገባ በኋላ ለሳምንታት የቫይረሱን ቅሪት እያገኘ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፤ በሕፃናት አፍንጫ ውስጥ ራይኖ ቫይረስን (የተራ ጉንፋን ቫይረስ) ያለ ምንም ሕመም ሊያገኝም ይችላል። በሁለት የተለያዩ ማሽኖች የወጡ የሲቲ ቁጥሮችንም ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ፒሲአርም ቢሆን ከናሙናው አይበልጥም። ስዋቡ ከአፍንጫ ወለል ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ፣ የሚያግደው ነገር እስኪያገኝ ገብቶ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ፣ እየዞረ መውጣት አለበት፤ ያለ እንባ የተጠናቀቀ ናሙና አይቼ ብዙም አልተማመንኩም። የእንጨት እጀታና የጥጥ ጫፍ ያለው ተራ ስዋብ ምርመራውን ሊያውክ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ናሙናው በማጓጓዣ ፈሳሹ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ በጣም ዝቅተኛ ቅዝቃዜ ውስጥ መግባት አለበት። ኮቪድ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመገኘቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት የተጠርጣሪዎች ናሙና እስከ ደቡብ አፍሪካ ይላክ እንደነበር ስናስታውስ፣ ዛሬ ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መላክ ምንም አይደለም፤ ናሙናው የሚጎዳው ከመንገዱ ይልቅ አይስ ቦክሱ በረዶው ቀልጦ መቀበያው ላይ ሲከርም ነው። ብዙ የፒሲአር ዘዴዎች አርኔዝ ፒ የተባለውን የሰው ዘረ መል አብረው ስለሚፈልጉ፣ ስዋቡ ባዶ ከሆነ ይህ ይታወቃል፤ ካሴቱ ላይ ያጣነው መረጃ ይህ ነው።

በከተማችን ብዙ ሰው ለቲቢ ምርመራ የሚያውቀው ጂን ኤክስፐርት ማሽን ይህንኑ ሥራ በአንድ ካርትሪጅ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሳል። ካርትሪጁ ግን ለየበሽታው የተለየ ስለሆነ፣ ማሽኑ ያለበት ተቋም ሁሉ ኮቪድን፣ ኢንፍሉዌንዛንና አርኤስቪን በአንድ ላይ የሚያየው ካርትሪጅ አለው ማለት አይደለም፤ እናትዎን በባጃጅ ከማንገላታትዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ። የቫይረስ ካልቸር ቀናት ስለሚፈጅ ለምርምርና ለቅኝት እንጂ ለእሳቸው አይሆንም።

እንግዲህ ለእናትዎ፦ ዕድሜያቸውና ስኳራቸው ለከባድ ሕመም ስለሚያጋልጣቸው የሦስተኛው ሐኪም ምክር ተገቢ ነው፤ ፒሲአሩ ኢንፍሉዌንዛንም የሚጨምር ይሁን፣ ነገ ዛሬ ሳይባልም ይሠራ፣ ቫይረሱ ከአፍንጫ እየቀነሰ የሚሄድበት ጊዜ ላይ ናቸውና። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ቢሆንም፣ እንደ እሳቸው ላለ ሰው ከዚያ በኋላም ሐኪሙ ውጤት ሳይጠብቅ ሊጀምረው ይችላል። የዊዳሉን ወረቀት አይጣሉት፤ የታዘዘላቸው አንቲባዮቲክ ካለም በራስዎ አያቋርጡ፣ ሁሉንም ውጤት ይዘው ለአንድ ሐኪም ያሳዩ፣ ካሴቱ የየትኛው ቫይረስ እንደነበረና በስንተኛው ቀን እንደተሠራም ጨምረው ይንገሩ። ሕመም ስኳርን ስለሚያናውጥ በየዕለቱ ይለካ። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም የኦክስጅን መጠናቸው ከ90 በመቶ በታች ከወረደ የማንኛውንም ምርመራ ውጤት ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ እዚያ ሕመሙ ወደ ሳንባ ወርዶ ከሆነ፣ አፍንጫው ነጋቲቭ ቢልም ከአክታ የሚወሰድ ናሙና ቫይረሱን ሊያሳይ ይችላል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ደግሞ፣ ስኳር ያለበት ሰው ለቲቢ ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ፣ አክታቸው በዚያው ጂን ኤክስፐርት ለቲቢ እንዲታይ ይጠይቁ።