ስለ ኔትወርክና ስለ ጨረር ጠይቁኝ

ከአንቴና ጋር ስውል ዓመታት ሆነኝ። ጠይቁ። «ኔትወርክ አስቸገረኝ» ብቻ ብላችሁ ግን አትተዉት። የት እንደሆናችሁና ስልካችሁ ስንት ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) እንደሚያሳይ ጻፉ።

ባለሁለት ሲም፦ ጓደኛዬ ስልክ ላይ አራት መስመር ይታያል፣ እኔ ላይ ሁለት። ያው ኔትወርክ፣ ያው ክፍል። ስልኬ ተበላሽቷል?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። መስመሮቹን አትመናቸው። በስንት ዲቢኤም ስንት መስመር እንደሚታይ የሚወስነው አምራቹ ነው፤ ወጥ ደንብ የለውም። ቁጥሩን እይ። አይፎን ከሆነ *3001#12345#* ደውል። አንድሮይድ ከሆነ «ስለ ስልኩ» ገብተህ የሲሙን ሁኔታ ክፈት። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። በ4ጂ -85 ደህና ነው። ከ-110 ሲወርድ መቆራረጥ ይመጣል። 10 ዲሲቤል ወረደ ማለት ኃይሉ አንድ አስረኛ ቀረ ማለት ነው።

ማታ ማታ፦ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቁጥሩስ? አሁን ምን አልኩ?

ማታ ማታ፦ ይቅርታ። ውስጥ -118፣ ደጅ -95። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። ቆርቆሮው 23 ዲሲቤል በልቶብሃል፣ 200 እጥፍ ገደማ። መስኮት ዳር ሆነህ አውራ። ዋይፋይ ካለህ የዋይፋይ ጥሪን አብራ። የኔትወርክ ማጉያ በራስህ እንዳትሰቅል! የውጭና የውስጥ አንቴናዎቹ ከተቀራረቡ ስፒከር አጠገብ እንደተያዘ ማይክራፎን ነው የሚሆነው። የጎረቤትህንም ኔትወርክ ይረብሻል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ቤታችን አጠገብ የኔትወርክ ማማ ተተከለ። ልጆቼን ይጎዳብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከማማው ይልቅ ጆሮሽ ላይ ያለው ስልክ ይቀርብሻል። ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። አንቴናው ደግሞ ወደ ጎን እንጂ ቀጥታ ወደ እግሩ ሥር አይልክም። ሰው የማያምነኝ ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ማማ ሲርቅ ስልኩ ይጮሃል፣ ማለትም በከፍተኛ ኃይል ይልካል። በ4ጂ አብዛኛው ስልክ እስከ 200 ሚሊዋት ይወጣል። ማማው ሲቀርብ ኃይሉን ይቀንሳል። ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ሞገዱ ሴል ውስጥ ገብቶ ዘረመል የሚሰብር ዓይነት አይደለም፤ በደንብ የሚታወቀው ውጤቱ ማሞቅ ነው። ለዚያም ገደብ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ኪሎ የሰውነት ሥጋ 1.6 ዋት።

ጠርጣራው፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. የስልክ ጨረርን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ብሎ መድቦት የለ እንዴ?

ባለሁለት ሲም፦ «ይችላል» እና «ያመጣል» አንድ ናቸው?

ጠርጣራው፦ አንተ ደግሞ ማን ጠየቀህ! 5ጂ ወፍ ይገድላል።

ባለሁለት ሲም፦ የትኛውን ወፍ?

መልስ፦ ወፎቹን ተዉልኝ። ምድቡ 2ቢ ነው፤ ማስረጃው ውስን ነው ማለት ነው። የሙሉ የእሬት ቅጠል ጭማቂም እዚያው አለ። ከሰጋህ በኢርፎን አውራ።

አዲስ ገቢ፦ ጨረር የሚከለክል ስቲከር ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። ከሠራ ኔትወርክ ይዘጋብህና ስልኩ ይጮሃል። ካልሠራ ስቲከር ነው።

አባ ጤና፦ የልብ ምት ማስተካከያ ተተክሎልኛል።

መልስ፦ ስልኩን ከደረት ኪስዎ ያውጡ፤ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይራቅ። ሌላውን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

አዲስ ገቢ፦ የትኛው ስልክ ይሻላል?

መልስ፦ እኔ ስልክ አልሸጥም።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ እኔ ጋ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው የሚታየው። ለምን?

መልስ፦ ዲቢኤም!