በረዶ የሆነ ፏፏቴ ስታነሱ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ጆንስተን ካንየን፣ ካናዳ ባንፍ ፓርክ ውስጥ ክረምት ላይ ፏፏቴው በረዶ ስለሚሆንበት ሸለቆ፣ ካወራን ወዲህ ጥያቄው በዝቷል፣ በተለይ እዚሁ ካልጋሪና ኤድመንተን ካላችሁት። የተደጋገሙትን መርጫለሁ።

*በረዶው በዓይኔ ነጭ ነው፣ ፎቶው ላይ ግን አመድ መሰለ፤ የልጆቼ ፊትማ ጠቁሮ አይለይም። ካሜራዬ ተበላሽቶ ነው?*

አልተበላሸም እህቴ። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው፣ ስለዚህ ፍሬሙን በረዶ ሲሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፣ በዚህ መሀል ነጩ አመድ ይሆንና የኛ ጠይም ፊት ጭራሽ ይጠፋል። ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን፣ ማለትም ፎቶውን የሚያፈካውንና የሚያጨልመውን የ+/- ማስተካከያ፣ ወደ +1 ወይም +1.5 ከፍ አድርጊው። በስልክ ከሆነ የልጅሽን ፊት ስክሪኑ ላይ ነካ አድርጊና ጣትሽን ወደ ላይ ሳቢ፣ እየፈካ ሲመጣ ታዪዋለሽ። ሁለቱም እኩል አልወጣ ካለ በረዶው ትንሽ ይንጣ ግድ የለም፣ ፊቱ ይውጣ። ከዓመታት በኋላ አልበሙን ስትገልጪ የምትፈልጊው የልጅሽን ዓይን ነው።

*ገናን፣ ታኅሣሥ 29፣ ሐበሻ ቀሚስ ለብሰን እዛ ፎቶ ልንነሳ አስበናል። ነጭ በነጭ አይጠፋም?*

ደስ የሚል ሐሳብ ነው! ከነጩ በረዶ ፊት አትቁሙ፣ ጥቁሩ የድንጋይ ግድግዳ ወይም ሰማያዊ የሚመስለው ወፍራም በረዶ ከኋላችሁ ይሁን። ወፍራም በረዶ ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ ነው ሰማያዊ የሚሆነው፣ ቀሚሱ እዛ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ የነጠላውን ጥለት ደግሞ ወደ ካሜራው አዙሩት። ከውስጥ ቴርማል (የሚያሞቅ የውስጥ ልብስ) ልበሱ፣ ጃኬቱን የምታወልቁት ለፎቶዋ ብቻ ይሁን፣ ጫማችሁ ላይ የሚታሰረውን ባለጥርስ ስፓይክ እንዳትረሱ፣ መንገዱ መስታወት ነው።

*ባትሪዬ ወዲያው ያልቃል።*

ብርድ ነው። መለዋወጫውን ከደረትህ ጋ ባለው የውስጥ ኪስ ያዝ፣ አለቀ ያለህንም እዛው አሙቀህ መልሰህ ሞክረው፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይሠራልሃል።

*መኪና ውስጥ ስገባ ሌንሱ ላብ ይሠራል፣ ምን ላድርግ?*

እኔም ደርሶብኛል፣ ሂተሩ በሞቀበት መኪና ካሜራዬን ይዤ ገብቼ ጭጋጉ ከሌንሱ ውስጥ ገባ፣ እስኪደርቅ የቀረውን ቀን ምንም ሳላነሳ ዋልኩ። አሁን ሜሞሪ ካርዱን ውጭ አወጣና ካሜራውን ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት እዘጋበታለሁ፣ እርጥበቱ ከላስቲኩ ላይ ይቀራል። ራሱ እስኪሞቅ አንድ ሁለት ሰዓት አትክፈተው።

*ትራይፖድ (ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ልሸከም ወይ? የት ድረስስ ልሂድ?*

ተሸከም። የታችኛው ፏፏቴ 1.2 ኪሎ ሜትር፣ የላይኛው 2.5 ገደማ ነው፣ ጉልበት ካለህ የላይኛው ጋ ሳትደርስ አትመለስ። ከበረዶው መጋረጃ ጀርባ ውሃው ሲወርድ ይሰማሃል፣ በቀዳዳው ብልጭ ሲልም ታየዋለህ፣ ካሜራውን ትራይፖዱ ላይ አቁመህ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት (ሻተር ስፒድ) 1 ሰከንድ አካባቢ አድርገህ እሱን ብታነሳው የቆመው በረዶና የሚሮጠው ውሃ ባንድ ፎቶ ይገናኛሉ። የምትሄድበት ድልድይ ከገደሉ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሰው ሲያልፍ ይርገበገባል፣ እስኪያልፉ ታገስ። ስትጠብቅ ወደ ውሃው ተመልከት፣ ዲፐር የምትባል ግራጫ ትንሽ ወፍ ድንጋይ ላይ ብድግ ቁጭ ብድግ ቁጭ ትልና በዛ ብርድ ዘላ ትጠልቃለች፣ እኔ ሁሌም ፏፏቴውን ትቼ እሷን አያለሁ።

*ጓደኞቼ አጥሩን አልፈው በረዶው ላይ ቆመው ይነሳሉ፣ እኔ ፈራሁ።*

ደግ አደረግህ ወንድሜ። ከፏፏቴው ስር ውሃው እየሮጠ ስለሆነ በረዶው የት ጋ እንደሳሳ ከላይ ሆነህ አታውቅም፣ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ከላይ የተንጠለጠለው ጦር የሚያክል በረዶ ይወርዳል። የላይኛው ፏፏቴ ጋ በገመድ የሚወጡትን ባለሙያዎች ካገኘህ ከአጥሩ ወዲህ ሆነህ እነሱን አንሳቸው፣ ቀይ ጃኬት የለበሰ አንድ ሰው እዛ ሰማያዊ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስታየው የበረዶውን ግዝፈት ያኔ ነው የምታውቀው።