የአንባቢያን ጥያቄ፦ በጠባሴ ቤት ከመከራየት በፊት

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፤ እኔ በሸዋ ሮቢት ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየሁ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በመጪው ክረምት ወደ ደብረ ብርሃን እንድዛወር ስለ ተወሰነ፣ በጠባሴ በኩል የኪራይ ቤት እንዲፈልጉልኝ ለዘመዶቼ ነግሬአለሁ። ከእነሱ ገሚሶቹ «ሰፈሩ ገላጣ ነው፤ ኪራዩም ከመሀል ከተማው ይሻላል» ሲሉኝ፣ ሌሎቹ «ብርዱን አትችይውም፤ ውኃውም ያንገላታሻል» እያሉ ያስፈሩኛል። አብረውኝ የሚኖሩት እናቴ ደግሞ አስም አለባቸው። ሰፈሩ እንደ እኛ ላለ ቤተሰብ ይሆናል ትላላችሁ? ቤት ሳይስ ምን ምኑን ልብ ልበል?
ት. ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፤ ዘመዶችዎ የተለያየ ነገር የሚነግሩዎት ያዩት የጠባሴ ክፍል የተለያየ ስለሆነ ይመስለናል። ጠባሴ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደብረ ብርሃን የሚገባ ሰው በቅድሚያ የሚያገኘው፣ ዋናውን አውራ ጎዳና ተከትሎ የተዘረጋ ሰፈር ነው። አስፋልቱ ዳር ሱቁ፣ ምግብ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ የባጃጅ ተራው ሁሉ ተደርድሯል። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን የብሎኬት አጥር፣ ገና ጣሪያ ያልለበሱ ቤቶች፣ የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም የገብስ ማሳ ይከተላል፤ ጠዋት ወደ ግጦሽ የሚነዱ ከብቶች የሚያልፉበት መንገድና በግድግዳ ጥግ የተከመረ ኩበት ማየት በዚያ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሰፈሩን ከመምረጥ ይልቅ በሰፈሩ ውስጥ ከአስፋልቱ ምን ያህል እንደሚርቁ መምረጡ ለእርስዎ የበለጠ ይጠቅማል።

የነዋሪውን ጠባይ የወሰነው በአብዛኛው ሥራ ነው። ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ጥንታዊት ከተማ ብትሆንም፣ ዳር ዳሩን የሞላው ሰው ግን ብርድ ልብስ ፋብሪካውን፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውን ዩኒቨርሲቲ፣ የቢራ ፋብሪካዎቹንና የኢንዱስትሪ ፓርኩን ተከትሎ የመጣ ነው። በዚህም የተነሳ ግቢውን በሰርቪስ ቤት ሞልቶ ለወጣት ሠራተኞች ክፍል በክፍል የሚያከራይ ባለቤት ብዙ ነው። ለብቻዎ የሆነ ግቢ ካላገኙ፣ የመብራት ቆጣሪው የጋራ መሆን አለመሆኑን፣ ሒሳቡም በአምፖል ይሁን በሰው ቁጥር እንዴት እንደሚከፋፈል አስቀድመው ይጠይቁ፤ በተከራይና በአከራይ መካከል ከሚነሣው ጠብ ብዙው ከዚህች ቆጣሪ የሚጀምር ነውና።

ስለ ብርዱ የሚነግሩዎት ሰዎች አላጋነኑም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ጣርማበርን ወጥተው ሲደርሱ አሁን ከለመዱት አየር 9 ወይም 10 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ አየር ይጠብቅዎታል። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። እንግዲህ ቤት ሲያዩ በቀትር ሳይሆን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሄደው ይዩ። በምሥራቅ በኩል ባሕር ዛፍ ወይም የጎረቤት ፎቅ የጋረደው ቤት ፀሐይ የሚያገኘው ረፋዱ ላይ ነው፤ ልጆችዎ ግን ትምህርት ቤት ለመሄድ የሚነሡት ከዚያ በፊት ነው። ኮርኒስ የሌለው የብሎኬት ቤት ቆርቆሮው ቅዝቃዜውን በቀጥታ ስለሚያወርደው፣ ዘመናዊ መስሎ ቢታይዎትም በጥሩ ጭድ ተቦክቶ የተመረገ የጭቃ ቤት ሊበልጠው ይችላል። (ከፍታው ወጥ ቤትም ይገባል፤ ውኃ በዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አይበስልም፤ የግፊት ድስት ይዘው ቢሄዱ አይጸጸቱም።)

የእናትዎ ነገር ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአስም ሕመምተኛን የመተንፈሻ ቧንቧ ያጠብባል፤ የኩበትና የማገዶ ጭስ ደግሞ ያባብሰዋል። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ከመኝታ ክፍሉ የተለየ መሆኑን፣ የጎረቤት ጭስ ወዴት እንደሚነፍስም ጭምር ይመልከቱ፤ ከመዛወርዎ በፊትም ሐኪማቸውን አማክረው መድኃኒታቸውን አሟልተው ይያዙ። ልዩ ሕክምና የሚሰጠው ሆስፒታል ያለው በዋናው ከተማ ስለሆነ፣ ሌሊት ቢያማቸው ባጃጅ ደጅ ድረስ የሚገባበት መንገድ ያለው ቤት ይምረጡ። አጥብቀን የምናሳስብዎት አንድ ነገር አለ፦ ብርዱ ቢበረታ ከሰል አቀጣጥለው ወደ መኝታ ክፍል አያስገቡ። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታ የሌለው ጋዝ መውጣቱን አያቆምም፤ በደጋው አገር በር ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦች ነበሩ።

ክረምት ላይ የሚዛወሩ መሆንዎ ለቤት ፍለጋው ጥሩ አጋጣሚ ነው። የአካባቢው አፈር በብዛት ዋልካ ነው፤ ይህ ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጠልቆ ያልተገነባ ቤትም አብሮት ይሰነጠቃል። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ ካዩ፣ አዲስ ቀለም ቢሸፍነውም፣ ይለፉት። የውስጥ ለውስጥ መንገዱም ኮብልስቶን ካልለበሰ በሐምሌ ጭቃው ቦቲ ጫማ ያስመኛል። ውኃን በተመለከተ አከራዩ «አለ» ቢልዎት አይበቃም፤ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከአከራዩ ሳይሆን ከተከራዮቹ ይጠይቁ፤ ሮቶ በግቢው መኖሩን፣ ካለም ለተከራይ የሚፈቀድ መሆኑን ያረጋግጡ።

ትምህርት ቤትን በሚመለከት ምክራችን አጭር ነው፦ ቤቱና ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ በአንድ ወገን ይሁኑ። ወደ ደሴ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች በቀላሉ የሚቆሙ አይደሉም።

ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ተፈጻሚ ሲሆን፣ የኪራይ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የከተማውን አፈጻጸም ከቀበሌው ይጠይቁ።

በመጨረሻም ዕድሩን አያዘግዩት። አንዳንድ ዕድር ተከራይ ለመቀበል ያንገራግራል፣ ሌላው የመግቢያ ክፍያ ከፍ አድርጎ ይቀበላል፤ እናትዎን ይዘው በማያውቁት ሰፈር የሚገቡ ስለሆነ፣ ዕቃዎን ባራገፉበት ሳምንት ከአከራይዎ ጋር ሆነው ወደ ዕድሩ ጸሐፊ ይሂዱና ይመዝገቡ።