ለእናትሽ አሲስትድ ሊቪንግ ከመፈረምሽ በፊት

ሰላም እህቴ። እናትሽ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደሚኖሩ፣ ሌሊት ሁለቴ እንደወደቁ፣ የስኳር መድኃኒታቸውንም እየረሱ እንደሆነ ጽፈሻል። ሜዲኬር (የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና መድን) ለአሲስትድ ሊቪንግ፣ ማለትም አረጋውያን እየታገዙ ለሚኖሩበት ቤት፣ ይከፍላል ወይ ላልሽው፣ አይከፍልም። ኪራዩም ዕለታዊ እንክብካቤውም ከኪስ ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሆነው የሜሪላንድ ሜዲኬይድ፣ ዌቨር በሚባል ልዩ ፕሮግራም በኩል እንክብካቤውን ሊሸፍን ይችላል፤ ክፍልና ምግቡን ግን አይከፍልም፣ ወረፋም አለው። ቤታቸውን በልጅ ስም ለማዛወር ካሰባችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ፤ ለሜዲኬይዱ ሲያመለክቱ ያለፈው 5 ዓመት ዝውውር ይመረመራል።

ሜሪላንድ ውስጥ የእንክብካቤ ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፤ 1 ቀላሉ፣ 3 ከባዱ። ችግሩ በደረጃ 1 ዋጋ ይገቡና ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተገምግመው ወደ 2 ከፍ ይላሉ። ስለዚህ የሦስቱንም ዋጋ በጽሑፍ ተቀበይ። ቤቱ ፈቃድ ያለውስ እስከ ስንተኛው ደረጃ ድረስ ነው? ይህን ካልጠየቅሽ፣ ሕመማቸው ሲጠና ሌላ ቤት ፍለጋ ልትወጪ ነው።

ከሁሉም በላይ ሌሊቱን አጣሪ። በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ትንንሾቹ ቤቶች ሌሊት አንድ ሠራተኛ ብቻ ሊኖራቸው ይችላል። «ነቅቶ ነው የሚያድረው ወይስ ተኝቶ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ። እናትሽ የሚወድቁት ሽንት ቤት ሲሄዱ ከሆነ፣ የተኛ ሠራተኛ አይጠቅማቸውም። ከአልጋቸው እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ ራስሽ ሄደሽ እዪው፦ መብራት፣ መያዣ፣ ምንጣፍ፣ ደረጃ።

መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው የሠለጠነና የምስክር ወረቀት ያለው መሆን አለበት፤ ኃላፊዋ ነርስም ቢያንስ በየ45 ቀኑ መጥታ ታያለች። መጨረሻ የመጣችው መቼ ነው በይ። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ የጾሙን ነገር አስቀድመሽ ከሐኪማቸው ጋር ጨርሺ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በጠዋቱ መጠን ከተወጋ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ «ይጾማሉ» የሚለው ፋይላቸው ላይ ካልተጻፈ ተረኛዋ በምን ታውቃለች?

የሐበሻ ቤት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ መርሳት ለጀመራቸውና እንግሊዝኛው ለሚጠፋባቸው። ግን እንጀራና ቡናው አያታልልሽ፣ የስቴቱን የቁጥጥር ሪፖርት አንብቢ። ቅዳሜ በእራት ሰዓት ሳትነግሪያቸው ጎራ በይ። በነፃ ቤት እናፈላልጋለን የሚሉ ደላሎች ኮሚሽናቸውን የሚያገኙት ከቤቶቹ ነው፤ ለነዋሪዎቹ መብት የሚቆመው የካውንቲው ኦምቡድስማን ግን በነፃ ያማክርሻል።

ውሉን ቤት ወስደሽ አንብቢው። ሆስፒታል ቢተኙ አልጋው በስንት ይጠበቃል? ቢያርፉ የቀረው ወር ክፍያ ይመለሳል? የመግቢያው ክፍያስ?