ብረት ሳነሳ ጭንቅላቴን ይወቅረኛል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ወንድ ነኝ። ጂም ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነው። ካለፈው ወር ወዲህ ከበድ ያለ ብረት ተሸክሜ ቁጭ ብድግ ስል ከማጅራቴ ተነስቶ መላ ጭንቅላቴን ትር ትር የሚያደርግ ራስ ምታት ይይዘኛል። አንዳንዴ እስከ ማታ አይለቀኝም። ስፖርት በማልሠራበት ቀን ደህና ነኝ። ማስታገሻ እየዋጥኩ ልቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥሉ፤ እስኪመረመሩ ድረስ ብረቱን ያስቀምጡት።

መጀመሪያ የምጠይቅዎት ሕመሙ የጀመረዎትን ቀን ነው። እንደ መብረቅ ድንገት መጥቶ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጣራ ነክቶ ነበር? ማስታወክ፣ የአንገት መገተር፣ ራስን መሳት ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ነበረው? እንዲህ ያለው የአንጎል ደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅለትም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ሲቲ ስካን ደሙን በደንብ የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ነው።

እርስዎ የነገሩኝ ግን በስፖርት ብቻ የሚቀሰቀሰውን ራስ ምታት ይመስላል። እሱ እንደ ልብ ምት ትር ትር ይላል፣ ከ48 ሰዓት በታች ቆይቶ ይለቃል፣ አንጎልንም አይጎዳም። ሆኖም ይህን ስም የምንሰጠው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው። ስለዚህ የደም ግፊትዎን ይለኩ፣ የአንጎልና የአንገት ደም ስሮችን የሚያሳይ ኤምአርአይም ይነሱ። (ዕድሜዎ ከ50 በላይ ቢሆን ልብዎንም አስመረምር ነበር። ደረት ሳያም፣ ሲደክሙ ራስ ምታት ብቻ የሚሰጥ፣ አረፍ ሲሉ የሚተው የልብ ደም ስር ጥበት አለ።)

ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ወደ ትንፋሽዎ እንመጣለን። ብረቱን ይዘው ሲነሱ አጠገብዎ ያለ ሰው ፊትዎን ይይልዎት። ፊትዎ ቀልቶ፣ የአንገትዎ ሥር ተገትሮ፣ ትንፋሽዎ ታፍኖ ከሆነ፣ በዚያች ቅጽበት የደም ግፊትዎ ሽቅብ ተተኩሷል፤ ከጭንቅላት ወደ ልብ የሚመለሰው ደምም መንገዱ ጠቦታል። ሲወርዱ አየር ያስገቡ፣ ሲነሱ ያስወጡ። ሰውነትዎን ቢያንስ 15 ደቂቃ ያሟሙቁ፣ ክብደቱንም ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ሞቃት አየርና ከፍታ ቦታ ራስ ምታቱን ያባብሱታል።

ይህ ካልበቃ ሐኪምዎ ከስፖርቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ የሚወሰድ ኢንዶሜታሲን የተባለ ማስታገሻ ሊያዝልዎ ይችላል። ጥሩ ይሠራል፤ ግን ጨጓራና ኩላሊት ላይ ጨካኝ ስለሆነ በራስዎ አይጀምሩት። የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚቀንሰው ፕሮፕራኖሎልም አማራጭ ነው፣ አስም ላለበት ሰው ግን አይሆንም። ራስ ምታቱ ብዙዎችን በወራት ውስጥ ስለሚተዋቸው መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ አይደለም።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ ጂም ውስጥ «ለጉልበት» ተብሎ የሚጠጣ ዱቄት የሚወስዱ ከሆነ ዕቃውን ይዘው ይሂዱ። ብዙዎቹ ካፌይን የታጨቀባቸው ናቸው። ለአፍንጫ መታፈን የሚወሰድ ክኒን ካለም ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ደም ስርን የሚያኮማትሩ አሉበት።