መንገድ ላይ ለክፉ ቀን የሚሆን ካርድ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ባንክ ቤት፣ ካርድ ክፍል ውስጥ 9 ዓመት ሰርቻለሁ። ዛሬ ፈረንጅ አራዳ ትንሽ ሱቅ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሥራውን ብተወውም ጠያቂው አልተወኝም። ጉዞ ያሰበ ሰው ሁሉ በሱቁ በኩል ያልፋል። ባለፈው ሳምንት "ለመንገድ ስለሚያዝ ካርድ ያላችሁን ጠይቁ" ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ካርዴ ላይ "ቪዛ" ተጽፎበታል። ክሬዲት ካርድ ነው አይደል? ገንዘብ ቢያልቅብኝ ባንኩ ያበድረኛል? (የዩኒቨርሲቲ መምህርት)

አይደለም እህቴ። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚለው ስም ካርዱ የሚሄድበትን መስመር ነው የሚናገረው። ብሩ የማን እንደሆነ አይነግርሽም። እዚህ አገር ከአሥር ሰው ኪስ ካርድ ብናወጣ፣ አሥሩም ዴቢት ቢሆኑ አይገርመኝም። ዴቢት ማለት ደሞዝሽ ከገባበት ሂሳብ በቀጥታ የሚቆርጥ ነው። ሂሳቡ ባዶ ከሆነ ካርዱ ፕላስቲክ ነው። ክሬዲት ደግሞ የባንኩን ገንዘብ አስቀድሞ ሰጥቶ በወሩ መጨረሻ "መልሺ" የሚል ነው። ሦስተኛው ዓይነት ቅድሚያ ተሞልቶ የሚሰጥ ካርድ ነው። የሞላሽውን ያህል ብቻ ትጠቀሚያለሽ፣ እንደ ሞባይል ካርድ።

ስለዚህ ብዙዎቻችን ለክፉ ቀን የያዝነው ብድር ሳይሆን የራሳችንን ቁጠባ ነው። ይሄን ያላወቀ ሰው ባዶ ሂሳብ ተማምኖ ይነሳል።

ጥያቄ፦ አባቴ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለታል። ሰኞ ሌሊት እንነሳለን። የትኛውን ባንክ ካርድ ልያዝ? (ከአጋሮ)

እግዜር ይማረው። የትኛውን ከማለትህ በፊት ስንት ብለህ ጠይቅ። መልሱ ሁለት ነው፣ ከሁለት የተለያዩ ባንኮች።

ምክንያቱን በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። የዛሬ ስድስት ዓመት ወልቂጤ ላይ መኪናችን ተበላሸ። መሽቷል። ከአንድ ማሽን ገንዘብ ላወጣ ካርዴን እንዳስገባሁ መብራት ጠፋ። ካርዱ እዚያው ቀረ። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሆኜ፣ ኪሴ ውስጥ ለእራት እንኳ የማይበቃ ብር ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ጓደኛዬ አልጋ ባይከፍልልኝ መኪና ውስጥ አድር ነበር። ያን ቀን ካርዱ ጥሩ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንድ ብቻ መያዜ።

ዛሬ ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን ላይ ይሰራል፣ ትንሽ ክፍያ ይቆረጣል እንጂ። ያ ግን የማሽን ችግር ነው የሚፈታልህ። የራስህ ባንክ "ሲስተም የለም" ካለ በየትኛውም ማሽን ብትሞክር ያው ነው። ሁለተኛው ባንክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከመነሳትህ በፊት እነዚህን አድርግ። ሁለቱንም ካርዶች ጅማ ላይ ማሽን ውስጥ አስገብተህ 100 ብር አውጣ። ስንት ሰው ነው ጊዜው ያለፈበት ካርድ ይዞ የሚሄደው! የሚያልቅበት ወርና ዓመት ፊቱ ላይ ተጽፏል። ቀጥሎ ቅርንጫፍ ሄደህ በቀን ማውጣትም ማስተላለፍም የምትችለው ጣሪያ ስንት እንደሆነ ጠይቅ። ሆስፒታል ሲያስተኛ ማስያዣ ይጠይቃል፤ ብሩ ሂሳብህ ውስጥ እያለ ጣሪያው ሊይዝህ ይችላል። አንዳንድ ባንክ በማመልከቻ ከፍ ያደርጋል። ይሄን ግን እሁድ ማታ ማንም አያደርግልህም፣ አርብ ጨርሰው።

አዲስ አበባ ያለ ዘመድም አስቀድመህ አነጋግር። ከሁለቱ ካርዶች ሁሉ የሚበልጥ ሦስተኛ ካርድ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ካርድ ምን ያደርግልኛል? ቴሌብር አለኝ። (ሦስት ሰዎች ጠይቀዋል)

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ኑሯችንን አቅልሏል፣ አልክድም። ኢንተርኔት በሌለበት እንኳ *127# ብለህ ትልካለህ። ግን ስልክህ መናኸሪያ ላይ ቢሰረቅስ? ቴሌብሩም፣ የባንክ መተግበሪያውም፣ የሚስጥር ኮድ የሚመጣበት ሲምም፣ የሚደወልላቸው ሰዎች ቁጥርም አብረው ሄዱ። ሁሉንም እንቁላል በአንድ ቅርጫት የሚባለው ይሄ ነው። ካርድ ያለ ስልክ ይሰራል፣ ስልክ ያለ ካርድ ይሰራል። ሁለቱን በአንድ ኪስ አትያዙ።

ስልክ ከጠፋ መጀመሪያ የሰው ስልክ ለምኖ ሲሙን ማዘጋት ነው። ከዚያ ባንክ። የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆናችሁ 951 ነው። የሌሎቹንም አጭር ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ስልክ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ስልክ ሲጠፋ አይረዳም።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ብድር የሚሰጥ ነገር የለም ማለት ነው?

አለ። ለክሬዲት ካርድ ቅርብ የሚባለው የቴሌብር "እንደኪሴ" ነው። በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ተጀመረ። ስትከፍል ሂሳብህ ትንሽ ቢያንስ ይሞላልሃል፣ በኋላ ይቆርጣል። ከእሱ ጋር "መላ" የሚባል አነስተኛ ብድርም አለ። ዳሸን "ዱቤ አለ" የሚል፣ ዕቃ ወስዶ ቀስ ብሎ የሚከፈልበትም አለው።

የሚፈቀድልህ መጠን ግን በአጠቃቀምህ ይወሰናል። ጅማ ቁጭ ብለህ ስንት እንደተፈቀደልህ እይ። ሌሊት ሰበታ ላይ ሆኖ "ላንተ አልተፈቀደም" የሚል መልእክት ማንበብ ደስ አይልም።

ጥያቄ፦ ለቡና ሥራ ዱባይ ልሄድ ነው። እዚህ የምጠቀምበት ካርድ እዚያ ይሰራል? (ነጋዴ)

የብር ሂሳብ ካርድህን ድንበር ሲያልፍ ይሰራል ብለህ አትቁጠር፣ ቪዛ ቢባልም። ባንክህ ሄደህ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ የጉዞ ካርድ ጠይቅ። ፓስፖርት፣ የመግቢያ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ይዘህ ሂድ። የሚፈቀደው መጠን በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ስለሚቀያየር፣ የባለፈው ዓመት ተጓዥ የነገረህን ትተህ የዚህን ሳምንት ጠይቅ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ሆቴል ነው። ስትገባ ካርድህ ላይ ማስያዣ ይይዛሉ። በክሬዲት ካርድ ቢሆን የተያዘው የባንኩ ገንዘብ ነው። ባንተ የተሞላ ካርድ ላይ ግን የታሰረው የራስህ ዶላር ነው፤ ከወጣህ በኋላም ሳይለቀቅ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ለክፉ ቀን ብለህ የያዝከውን ካርድ ለሆቴል ማስያዣ አትስጥ። ብዙ ተጓዥ የሚጎዳው በዚህ ነው። መኪና አከራዮችማ የተሞላ ካርድ ጭራሽ የማይቀበሉ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው የማሽኑ ጥያቄ ነው። ስትከፍል "በዶላር ወይስ በድርሃም?" ይልሃል። ደግነት እንዳይመስልህ። ዶላር ካልክ ሱቁ የመረጠው ተመን ይያዝብሃል። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 የታሰረ ስለሆነ ሂሳቡን ራስህ መሥራት ትችላለህ። 1,000 ድርሃም ወደ 272 ዶላር ነው። ማሽኑ 285 ካሳየህ 13 ዶላርህ በነፃ ሄደ ማለት ነው። ሁልጊዜ ያለህበትን አገር ገንዘብ ምረጥ።

ጥያቄ፦ እናቴን ዑምራ ልወስዳት ነው። ካርድ ወለድ ስላለበት ትፈራለች።

ፍርሃቷ ልክ ነው፣ ግን ሁሉም ካርድ አንድ አይደለም። ወለድ የሚመጣው ብድር ባለበት፣ ማለትም በክሬዲት ካርድ ነው። ዴቢትና የተሞላ ካርድ የራሷን ገንዘብ ነው የሚያወጣው። ሂሳቡንም ከወለድ ነፃ በሆነ መስኮት መክፈት ይቻላል። ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችም አሉ። የቀረውን የዲን ጥያቄ የሚያውቁትን ዑለማዎች ጠይቁ፤ እኔ የካርድ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ካርዱንም፣ ገንዘቡንም፣ ፓስፖርቱንም በእናትህ አንገት ላይ በአንድ ቦርሳ አታንጠልጥል። በሰው ጎርፍ መሃል ብትጠፋፉ አንዳችሁ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ለእሷ ጥቂት ሪያልና የሆቴሉን አድራሻ፣ ላንተ ካርዱን።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ ለበዓል ጅማ ይመጣል። የትኛውን ክሬዲት ካርድ ይዞ ይምጣ?

ያ ልጅ እውነተኛ ክሬዲት ካርድ ስላለው ጥያቄው ሌላ ነው።

በውጭ አገር ግብይት ላይ ተጨማሪ ክፍያ የማይቆርጥ ካርድ ይምረጥ። ብዙ ካርዶች እስከ 3 በመቶ ይጨምራሉ። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይሁን፤ ሌላ ዓይነት ብቻ ይዞ ቢመጣ ማሽን ሲፈልግ በዓሉ ያልፋል። ከመነሳቱ በፊት ለባንኩ ይንገር፣ አለዚያ ከጅማ የመጣ ጥያቄ ሲያዩ ሌባ ነው ብለው ይዘጉበታል። ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በአሜሪካ ቁጥሩ ከሆነ፣ ያ ቁጥር እዚህ መልእክት መቀበሉን አስቀድሞ ያረጋግጥ። ስንቱ ዲያስፖራ በዚህ ምክንያት ነው አክስቱ ቤት የሚበደረው።

በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ብር ማውጣት የመጨረሻ አማራጭ ይሁንለት። ዕቃ ሲገዛ የአንድ ወር ገደማ እፎይታ አለው፤ ጥሬ ገንዘብ ሲያወጣ ግን ወለዱ ከዚያው ቀን ይቆጥራል። ለምሳሌ 300 ዶላር ቢያወጣ፣ 5 በመቶ ክፍያ 15 ዶላር ነው። የዓመት ወለዱ 29 በመቶ ቢሆን በወር ሌላ 7 ዶላር ይጨመራል። ለጥሬ ገንዘብ ዴቢቱን ይጠቀም፣ ለሆቴልና ለአውሮፕላን ክሬዲቱን።

ይሄን የምለው ለዋጋው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ክሬዲት ካርድ ተሰርቆ ቢጠቀሙበት የባለቤቱ ኃላፊነት ከ50 ዶላር አያልፍም። ዴቢት ሲሆን በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቀ 50 ዶላር፣ ከዘገየ እስከ 500 ሊደርስ ይችላል፤ በጣም ከዘገየ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ዴቢቱ ያለበት ሂሳብ ውስጥ ሁሉንም ገንዘቡን አያስቀምጥ።

ሂርማታ ገበያ ላይ ደግሞ ካርዱን አያውጣ። የጅማ በርጩማ የሚሸጡት አባት ካርድ የሚቀበል ፖስ ማሽን የላቸውም።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ብር ሳይሰጠኝ ከሂሳቤ ቆረጠ። ለማን ልክሰስ?

ካርዱን ለሰጠህ ባንክ አመልክት፣ ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆንም። ሰዓቱን፣ ቦታውንና መጠኑን ጻፍ፣ ደረሰኝ ካለ ያዘው፣ ከሌለ የመጣልህን መልእክት አታጥፋ። ያለ ሰዓትና ቦታ የመጣ ቅሬታ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የሚስጥር ቁጥሬን ለባለቤቴ ልንገራት?

ለትዳራችሁ መልስ የለኝም። ለካርዱ ግን፦ ለእሷ ሌላ ካርድ አውጣላት።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ ስትሄድ ምን ትይዛለህ?

የዕለት ካርዴ ኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሁለተኛው፣ የሌላ ባንክ፣ ሻንጣ ውስጥ ካልሲ መሃል ነው፤ ከጉዞ ውጭ ነክቼው አላውቅም። ሂሳቡ ውስጥ ከጅማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስና ሁለት ሌሊት አልጋ የሚሆን ብር ይተኛል። የባንኮቹ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ጫማዬ ውስጥ ነው። ወልቂጤ ስደርስ ደግሞ፣ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም፣ ያንን ማሽን ሄጄ ገልመጥ አደርገዋለሁ።