ደመናው ሲገፈፍ ውርጩ ይመጣል፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሦስት ቀን ሙሉ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ የከረመው ደመና ወደ አፋር በኩል ተገፍፏል። እህል አውድማ ላይ እያለ፣ በኅዳር መጨረሻ የጣለ ዝናብ ስለሆነ ከደሴም ከኮምቦልቻም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኛው ጠያቂ ብርዱ ከዝናቡ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ተስፋ አድርጓል። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን ገና የሚመጡት ሌሊቶች ናቸው።

«ቀን ፀሐይ ወጥታ ሞቆን ዋለ፤ ሌሊቱ ግን ከዝናቡ ሌሊት ባሰ። ለምን?» (ከሆጤ)

ደመና የመሬት ብርድ ልብስ ስለሆነ ነው። መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ ከፊሉን መልሶ ይልክላታል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ፣ አየሩም ሲደርቅ ግን የሚመልሰው የለም። ኮከብ ፍንትው ብሎ የታየበት ሌሊት የሚያንዘፈዝፈው በዚህ ምክንያት ነው። የሚብሰውም ሊነጋጋ ሲል፣ 12 ሰዓት አካባቢ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል። ከጦሳና ከአዝዋ ገደል ወርዶ ቦርከና ወንዝ ዳር ይተኛል። በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ማለዳ ከፍ ካለ ሰፈር ቆማችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ከየማድ ቤቱ የሚወጣው ጢስ ከጣሪያ ጥቂት ከፍ ይልና እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ አይወጣም። በላዩ ያለው አየር ከታችኛው ይልቅ ሞቃት ስለሆነ እንደ ክዳን ይይዘዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠል ጢሱ ከተማ ላይ ተኝቶ የሚያረፍደውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ታች ሜዳው ላይ ያለ ቤት ተዳፋቱ ላይ ካለው ጎረቤቱ የበለጠ ሊበርደው ይችላል።

«ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። መምህራችን በረዶ አይደለም አሉ። ታዲያ ምንድን ነው?» (የ6ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከኩታበር)

መምህርሽ እውነታቸውን ነው። በረዶ ከደመና ይወርዳል። አንቺ ያየሽው አመዳይ ነው፤ ከሰማይ አልወረደም፣ እዚያው ሣሩ ላይ ተሠራ። ሣሩ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ነጭ ቅንጣት ሆኖ ይጣበቅበታል። ነገ ፀሐይ ሳይነካው አንዲት ቅጠል ቀጥፈሽ ጠርዟን ተመልከቺ፤ ጥቃቅን መርፌዎች ታያለሽ። አባቶቻችን ከደጋ በላይ ያለውን፣ ከ3,200 ሜትር ገደማ የሚጀምረውን አገር «ውርጭ» ብለው የሰየሙት ብርዱን አሳምረው ስለሚያውቁት ነው።

«በመስኖ የተከልኩት ድንች አበባ ይዟል። ከውርጭ እንዴት ላድነው?» (ከገራዶ)

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ ይልቀቁበት። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት አምቆ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። መደቡ ትንሽ ከሆነ ከመምሸቱ በፊት ጭድ ወይም ጆንያ ያልብሱት፤ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ያንሱለት። ቅጠሉ ተቃጥሎ ቢያድር ደግሞ ተናደው አይንቀሉት። ግንዱ በሕይወት ካለ ከሥሩ ያቆጠቁጣልና አንድ ሳምንት ይታገሱት።

«የጤፍ ክምሬ ዝናብ ገብቶበታል። ሸራ ላልብሰው?» (ከቃሉ)

ዝናብ ሲጥል አዎ፤ አሁን ግን አያልብሱት! እርጥበቱ ታፍኖ ክምሩ ከውስጥ ይሞቃል፤ ከዚያ ሻጋታ ነው። እጅዎን እስከ ክንድዎ ክምሩ ውስጥ ያስገቡ። ለብ ካለዎት ዛሬውኑ ይፍቱት፤ ነዶውን በትነው ፀሐይ ያስመቱት። ማታ ጤዛ ስለሚወርድ ሰብስበው ይሸፍኑት፣ ጠዋት እንደገና ይዘርጉት። የማሽላ ዛላም እንደዚሁ ነው። ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ወደ ጎተራ አይግባ፤ እርጥብ እህል ነቀዝና ሻጋታ ይጠራል። የአንድ ዓመት ጉልበት በሦስት ቀን ዝናብ ሲበላሽ ማየት ያማል፤ የሰሞኑ ጠራራ ፀሐይ ግን ገና ሊያድንልዎት ይችላል።

«ልጄ አራስ ናት። ክፍሏ እንዲሞቅ ከሰል አስገብተን በሩን ብንዘጋ ችግር አለው?» (እናት፣ ከሸዋ በር)

እናቴ፣ እባክዎ አያድርጉት። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ ቢያልቅም አደጋው አላለቀም። ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሕይወቱን ያጣል። ጨቅላው ደግሞ ከሁሉም ፈጥኖ ይጎዳል። ጎረቤቴ የነበሩ ባልና ሚስት በእንዲህ ያለ ሌሊት በር ተሰብሮላቸው ነው የተረፉት። እስከ ዛሬ የምድጃው ፍም ያንን ሌሊት ያስታውሰኛል።

ፍሙ ውጭ ይቅር። ውሃ አፍልተው በላስቲክ ጠርሙስ ይሙሉ፤ በጨርቅ ጠቅልለው አልጋውን ያሙቁበት፣ ሕፃኑ ከመተኛቱ በፊት ግን ያውጡት። ከሁሉ የሚሻለው ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ እናቱ ደረት ላይ፣ ገላው ከገላዋ ተነካክቶ መታቀፉ ነው። ከሰል ባለበት ክፍል ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ካለ ወዲያው ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

«ኮምቦልቻ ቆላ ስለሆነች ውርጩ አያሰጋንም አይደል? ጠዋት ጠዋት ወደ ደሴ እመላለሳለሁ።» (ሾፌር)

ኮምቦልቻ እንኳ ቆላ አይደለችም፤ ከ1,800 ሜትር በላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። ወደ 2,500 ሜትር ከምትጠጋው ደሴ በአራት ዲግሪ ያህል ትሞቃለች፤ ስለዚህ ውርጩ ብዙም አያገኛችሁም። የእርስዎ ጠላት ጉሙ ነው። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር እርጥበቱ ጉም ሆኖ ሸለቆው ውስጥ ይከማቻል። ሐረጎ ላይ ከጠራ ሰማይ ድንገት ጉም ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ረጅሙን መብራት አያብሩ፤ ጉሙ ላይ ነጥሮ ዓይንዎን ይመታዋል። አጭሩን አብርተው በዝግታ ይንዱ። ከቻሉ ግን ጉዞዎን ወደ ጠዋቱ 3 ሰዓት ይግፉት፤ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ እስከዚያ ትገፈዋለች።